ሚኒስትር ዴኤታዋ ትራንኬ ውስጥ የረሱት ጫማ

ለክብርት ኑላ ሄፈርናን
በአየርላንድ መንግሥት የጎርፍ መከላከልና የውኃ መውረጃ ቦዮች የቀድሞ ሚኒስትር ዴኤታ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ጤና እጠይቃለሁ። ሌላው ሰው ስለ ልብዎና ስለ ደም ግፊትዎ ይጠይቅዎት ይሆናል፤ እኔ ግን ፖለቲከኛ ቀድሞ የሚያልቀው ጉልበቱ እንደ ሆነ ከራስዎ አፍ ስለ ሰማሁ፣ ደረጃ ሲወጡ እንዳያምዎት፣ ሰሞኑን እንደ ሰማሁት ሲወርዱም እንዳይከዳዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኛ በኮሎምበስ ኦሃዮ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንዳያነቡት ብዬ አይደለም። የአገርዎ ምክር ቤት በሁለት ቋንቋ እንደሚሠራና አንደኛውን ከአባላቱ ብዙዎቹ እንደማይሰሙት እርስዎ ነግረውኛል፤ ስለዚህ የማይገባዎትን ንግግር በአክብሮት እያዳመጡ ራስ መነቅነቅ የለመዱት ሥራ ነው።

ጉዳዬ ትንሽ ነው። ባለፈው መጋቢት፣ አገርዎ ለቅዱስ ፓትሪክ በዓል ባለሥልጣኖቿን በዓለም ዙሪያ በምትበትንበት ሰሞን፣ ትልልቆቹ ሚኒስትሮች ኒው ዮርክን ሞልተውት ስለ ነበር እርስዎ ለእኛ ደረሱን። እኔም በቫኔ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብዬ ሦስት ቀን አመላለስኩዎት። ሲመለሱ ግን አንድ ጥንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ጫማ ትራንኬ ውስጥ፣ ማለት ከቫኔ ኋላ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ፣ ረስተው ሄደዋል። ባለ ማሰሪያ ነው፤ የግራው ተረከዝ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ሰሞኑን የመንገደኛ ሻንጣ በጫንኩ ቁጥር ጫማው ከወዲያ ወዲህ እየተንከባለለ ያንኳኳል፤ አንድ ደንበኛዬም «ትራንክህ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ስለዚህ በአመችዎ ጊዜ ውቅያኖሱን ተሻግረው ንብረትዎን እንዲረከቡ በትሕትና አሳስባለሁ።

ጉዳዬ ይኸው ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ገና ስላላለቀ፣ ሌሎች ቅሬታዎቼንም በቁጥር አስከትላለሁ።

አንደኛ። ብዙ ባለሥልጣን አመላልሻለሁ፤ ደንቡ ከኋላ ተቀምጦ ስልክ ማየት ነው። እርስዎ ግን በመጀመሪያው ማለዳ ደንቡን ጥሰው ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ማን እንደ ሆነች ጠየቁ። የእኅቴ ልጅ ቢታንያ ነበረች። መኪናዋ ጋራዥ ስለ ገባች፣ ደብሊን ካለው መሥሪያ ቤቷ ላደርሳት አስተናጋጆችዎን አስፈቅጄ አስገብቻታለሁ፤ የበዓሉ ሰልፍ እዚያው ስለ ነበር መንገዳችን አንድ ነው። (የኦሃዮዋ ደብሊን ከዋና ከተማችሁ ጋር አንድ ስም እንዳላት ሲሰሙ የሳቁትን ሳቅ፣ ከአገርዎ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንደሚስቀው ሳልነግርዎት ቀርቻለሁ።)

ቢታንያ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። እኔ በአማርኛ ሩብ ሰዓት ስናገር እሷ «ኦኬ፣ አንክል» ብላ ትጨርሰዋለች። እርስዎ «በምትኖሪበት ሰፈር የተበላሸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት፤ በቃ፣ ልጅቱ አፍዋ ተከፈተ። የኛ ሰዎች ከሚኖሩበት አፓርታማ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ የእግረኛ መንገድ እንደሌለ፣ ግሮቭ ሲቲ በምትባለው ጎረቤት ከተማ መጋዘን የሚሠሩ እናቶች በበረዶ ጊዜ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ከመኪና ጋር እየተጋፉ እንደሚሄዱ፣ ደብሊን እስክንደርስ ተናገረች። እርስዎም ሊፕስቲክዎን እያስተካከሉ፣ ዝናብ ነው የሚሉ ያህል ቀለል አድርገው «ታዲያ ለምን አትወዳደሪም?» አሏት።

በዚህ ምክንያት ቢታንያ ለከተማችን ምክር ቤት እጩ ሆናለች። የከተማችንን ስም አልጠራም፤ ከኮሎምበስ በስተምሥራቅ ያለች መሆኗ ይበቃል፤ መራጩ ከመምረጡ በፊት እንዳይቀየም። ምርጫው የፊታችን ማክሰኞ ነው።

በተከታዮቹ ሁለት ቀናት ልጅቱ የራሷ መኪና ከጋራዥ ወጥታ እያለ የኔን ቫን መረጠች፤ እርስዎም የሥራ ታሪክዎን ተረኩላት። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ቤት ድረስ የሚገባባት ትንሽ ከተማ ተወልደው፣ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እየሸጡ፣ ለአውራጃ ምክር ቤት ተወዳደሩ። ከተማው ሁሉ «አለንልሽ» ብሎዎት ተሸነፉ። በሁለተኛው ምርጫ የአክስትዎ ልጅ እንኳ አልመረጠዎትም። በሦስተኛው፣ ስለ ተደፈነ ቦይ ጮኸው ከደጃፋቸው ያባረሩዎት አንድ አዛውንት ገበሬ ዘንድ ተመልሰው ሄዱ፤ ደግመው ሄዱ፤ በመጨረሻ ሰውዬው የመንገዱን ሰው ሁሉ ይዘውልዎ መጡ። ከዚያ ምክር ቤት፣ ከዚያ ፓርላማ፣ ከዚያ ሚኒስትር ዴኤታነት። ገበሬው ዛሬ እንዴት ናቸው ስልዎት ግን ስለ ኦሃዮ አየር ጠየቁኝ።

ሚኒስትር ዴኤታ ማለት ምን እንደ ሆነ ስጠይቅም፣ ሚኒስትሮቹ ሲሰበሰቡ እርስዎ እንደማይገቡ፣ ጎርፍ ሲመጣ ግን ሕዝቡ ፊት እንዲቆሙ የሚላኩት እርስዎ እንደ ሆኑ አስረዱኝ። በእኛ ቤት ይህ የታናሽ እኅት ሥራ ነው፤ ደመወዝ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ። «ደጃፍ ላይ ቁሚ፣ ጠይቂ፣ ጻፊ፣ ሂጂ» ብለው መክረዋታል። ምክሩ ለአየርላንድ ሰው መልካም ይሆናል። የኛ ሰው ግን ልጅ ደጃፉ ላይ ቆማ እያየ ዝም አይልም። የመጀመሪያው ቀን ቢታንያ ሦስት በር ብቻ አንኳኩታ መተንፈስ አቅቷት ተመለሰች። አቶ ሙሳ ቤት ፓስታ፣ ወይዘሮ ኸይሪያ ቤት ሳምቡሳ፤ ሦስተኛው ቤት ደግሞ ሕፃን አስይዘዋት እናትየዋ ሱቅ ሄዳ መጣች። «አንክል፣ ሳምቡሳ እምቢ ማለት በአማርኛ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደማይቻል ነገርኳት።

እናቷ፣ ማለት እኅቴ፣ የተቆጣችው በሌላ ነገር ነው። «ሴት ልጅ በየሰው ደጅ እየዞረች እኔን ምረጡኝ ትላለች? ሰው የላትም?» አለች። ስለዚህ እኔና የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ሲሞን ከራባት አስረን ተላክን። አንድ የተከበረ ቤት ገብተን፣ ተቀምጠን፣ ጉሮሮአችንን ጠርገን «ስለ ልጃችን ስለ ቢታንያ ጉዳይ ነበር የመጣነው» ስንል፣ የቤቱ እመቤት ያላገባውን ኢንጂነር ልጇን አየችው፤ ልጁ አንገቱን ደፋ፤ አባትየው ቴሌቪዥኑን አጠፋ። የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ አይተው ባያውቁም አሜሪካ ነው ብለው ተቀበሉት። «መክረን ቀጠሮ እንሰጣችኋለን» አሉን። ስለ ድምፅ መሆኑን ስናስረዳ ፊታቸው ወደቀ፤ የልጁ እናትም እስካሁን ከምርጫው ይኼኛው ይሻላት ነበር እያለች ነው።

ይህም ሆኖ የቀረበን ሁሉ «እንዴታ! የኛ ልጅ!» ብሎናል። ከሁሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ዜግነት ያልወሰዱት ናቸው። እርስዎ «በሩን ከፍቶ የሚያመሰግንሽን አትቁጠሪው፣ የጮኸብሽ ዘንድ ግን ተመለሺ» ብለዋት ነበር፤ በኛ ዘንድ ማንም አይጮኽም ብዬ ስቄብዎት ነበር።

ሦስተኛ። ይህን ቅሬታ ባለቤቴ ውባለም አንብባ አውጥታዋለች። በሰልፉ ላይ ስላሳዩን ውዝዋዜ ነበር።

አራተኛ። የሚጮኽ ተገኘ። እዚያው አፓርታማ ምድር ቤት፣ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን የሚሠሩ እትዬ ማዘንጊያ የሚባሉ ሴት አሉ። ግቢ አላሏትም፤ ሳምቡሳ አልነበረም። «የእግረኛ መንገድ ነው የምትይኝ? ባለፈውም አንዱ መጥቶ እግረኛ መንገድ ብሎ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ! አንቺም ስትመረጪ በመኪናሽ ጭቃ ነው የምትረጪኝ። ደግሞ አማርኛሽን አስተካክዪ!» ብለው በሩን ድርግም አደረጉባት። ቢታንያ የተባለችውን ሁሉ ጻፈች፣ ለተዘጋው በር «ተመልሼ እመጣለሁ» አለች፣ ቫኔ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ጭቃውን ችላዋለች፤ አማርኛው ነው ያስለቀሳት። ተመልሳ ለመሄድ ወኔ ስታሰባስብ ሰነበተች፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት «እንደምን አሉ እትዬ» እያለች ስትለማመድ እናቷ ሰምታታለች።

አምስተኛ። እነሆ ወደ ዋናው በደልዎ ደረስኩ። ልክ በዚያው ሳምንት እርስዎ በምርጫ ተሸነፉ።

ቀን ለመምረጥ ያለዎትን ተሰጥኦ አደንቃለሁ። አገራችሁ ውስጥ መራጩ እጩዎችን አንደኛዬ፣ ሁለተኛዬ እያለ በደረጃ እንደሚጽፍና ቆጠራው ቀናት እንደሚፈጅ ከቢታንያ ተማርኩ፤ ስልኳን ይዛ እራት ሳትበላ ስትከታተል ነበርና። ውጤቱም የሚያስደስት ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ይወድዎታል፣ ሁለተኛ አድርጎ። ጥርሱ ያማረ፣ ቦይ አይቶ የማያውቅ ወጣት ወንበርዎን ወሰደ።

በማግሥቱ ቢታንያ መጥታ ትራንኬን ከፍታ ጫማዎን አስቀመጠች። ለካ እግራችሁ እኩል ነው፤ ከሚያዝያ ጀምራ በር ስታንኳኳ የከረመችው በእርስዎ ጫማ ኖሯል። «ላክላት» አለችኝ። «ሁሉንም ነገር ራይት አድርጋ ከተሸነፈች፣ እኔ ምን ላደርግ ነው፣ አንክል?»

ክብርት ሆይ፣ እኔ በዚህች ከተማ መልስ የማጣበት ጥያቄ እንደሌለ ማንንም ቢጠይቁ ይነግርዎታል። ይህኛው ግን የሚመለከተው እርስዎን ነው። ተወዳድሬ ስለማላውቅ ተሸንፌም አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ አንድ በር አላንኳኳችም። ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት ራሷን አሸንፋ ቁጭ ብላለች፤ እርስዎ እንዴት እንደሚመረጥ እንጂ እንዴት እንደሚሸነፍ ስላላስተማሯት ነው።

ስለዚህ አሁን ጊዜ ስላለዎት፣ እነዚያን ሁለት ምርጫዎች በተሸነፉ ማግሥት ጠዋት ምን እንዳደረጉ፣ ማለት ከአልጋ እንዴት እንደ ተነሡ፣ ፋርማሲውን እንዴት እንደ ከፈቱ፣ ያልመረጠዎት የአክስትዎ ልጅ የሳል መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ ምን እንዳሉት፣ ለልጅቱ በሁለት መስመር እንዲጽፉላት እለምን…

ይቅርታ ይደረግልኝ፤ በር ተንኳኳ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የምጠብቀው ሰው የለም።

ተመልሻለሁ፤ ቆሜ ነው የምጽፈው። የመጡት እትዬ ማዘንጊያ ናቸው፣ የመጋዘን ሰደርያቸውን እንደ ለበሱ። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ያቺ ልጅ የት ጠፋች?» አሉኝ።

«የትኛዋ ልጅ፣ እትዬ?»

«የእርስዎ ናት አሉኝ። አማርኛ የማትችለዋ። ጽፋ ጽፋ፣ ተመልሼ እመጣለሁ ብላ ጠፋች። የምነግራት ገና አላለቀም! ፈረቃዬ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ቤቴ ሰብስቤ ቁጭ አድርጌያቸዋለሁ። ዜጋ የሆኑትን ብቻ ነው የጠራሁት፤ ሌላው ወሬ ነው። እሷ ተኝታ ነው ማክሰኞን የምትጠብቀው?»

ቢታንያን ኮል አደረግኳት። እትዬ ማዘንጊያ ስልኩን ከእጄ ወስደው ቀሪውን ራሳቸው ነገሯት፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቴም ሰምቷል። ስልኩን ሲመልሱልኝ ልጅቱ «አንክል፣ ጫማው አሁንም ትራንክ ውስጥ ነው?» አለችኝ።

ስለዚህ ልመናዬን ሳልጨርስ አቋርጣለሁ። ሰው ደጃፌ ላይ ቆሟል፤ ቫኑም እየሞቀ ነው።

ለመመረጥዎም ላለመመረጥዎም፣ ለጎርፉም ለቦዩም፣ ከኒው ዮርክ ለተረፈልን ሦስት ቀንም ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እየገለጽሁ፣

ያልጠየቁትን ምክር ሳያስከፍል የሚሰጥዎት የሦስት ቀን ሹፌርዎ
ፍሥሐ አየለ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ግልባጭ፦
ለእኅቴ፣ ልጇ ሰው እንዳላት ታውቀው ዘንድ
ለኢንጂነሩ እናት፣ ቀጠሮው ከምርጫው በኋላ እንዲታይ

ማሳሰቢያ፦ ጫማዎን መጥተው እንዲረከቡ ከላይ ያሳሰብኩት ተሽሯል፤ ሥራ ላይ ነው። የተበላው ተረከዝ ከእንግዲህ በእኛ አስፋልት ጠርዝ ይለቅ። እርስዎ ለሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ይግዙ፤ ሲገዙም መጀመሪያ የሚያንኳኩት የዚያን አዛውንት ገበሬ በር ይሁን፤ ሚኒስትር ዴኤታ ከሆኑ ወዲህ ተመልሰው እንዳልሄዱ ስለ ኦሃዮ አየር የጠየቁኝ ጊዜ ገብቶኛል።