ከ«ደህና» በኋላ የሚመጣው «ግን»

ለክቡር የደሴቶቹ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና ያግኝልኝ። ባያገኝዎ እንኳ፣ ቢሮዎን ከሆስፒታሉ የሚለየው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ብዙ አልሰጋም። እኛ የሚቴንዴኒ ሰዎች፣ በእርስዎ የሕዝብ አስተያየት ጥናት እንደተረጋገጠው፣ ከመቶው ዘጠና ሰባታችን ደህና ነን። ውጤቱን በሚያምር ወረቀት አትመው በጀልባ ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ስላስለጠፉልን ከልብ እናመሰግናለን። እዚያው ታስሮ ይውል የነበረው፣ ነርሷ በሽተኛ ወደ ከተማ የምታደርስበት ሞተር ጀልባ በዚያው ሳምንት ተፈትቶ፣ ነዋሪዎቹ «መጥፎ ነው» ብለው ወደ መለሱበት ወደ ሌላ ደሴት ተወሰደ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ስዋሂሊ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ፣ ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ ባቀርብ የመምህር አመል ነውና እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃሉ። የሕዝብ አስተያየት መሰብሰብን በቋንቋችን «ኩራ ያ ማኦኒ» እንለዋለን። ኩራ ድምፅ ነው፤ ማኦኒ ደግሞ ከማየት የወጣ ሲሆን ሰው ያየውን ነገር ይመለከታል። ሕገ መንግሥቱን ስናጸድቅም ከንጋት ጀምሮ የተሰለፍነው በዚሁ ስም ነበር። ስለዚህ እርስዎ የላኳት ልጅ ለኩራ ያ ማኦኒ መምጣቷን ስትነግረን፣ መንደሩ አንድ ነገር ሊወስን የተጠራ መስሎት የበዓል ልብሱን ለበሰ። ጎረቤቴ ቢ ሩኪያ መልሳቸውን ከሰጡ በኋላ ቀለም እንዲነካላቸው ትንሿን ጣታቸውን ዘርግተው ቆዩ። ልጅቱም ግራ ገብቷት እጃቸውን ጨበጠችና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።

ሁለተኛ፣ ስለ መልሳችን። እርስዎም የባሕር ዳር ልጅ ነዎትና፣ ወንበሩ ካላስረሳዎት በቀር፣ እዚህ አገር «እንዴት ነው?» የተባለ ሰው አስቀድሞ «ደህና» እንደሚል ያውቃሉ። ለእንግዳ ገበናን በር ላይ መዘርገፍ ነውር ነው። ጀልበኛው ብዋና ሄመዲ ቤታቸው በተቃጠለ ማግስት ስለ ቤቱ ሲጠየቁ «ደህና ነው፣ ግን ተቃጥሏል» ብለዋል፤ ማንም አልሳቀባቸውም። የእኛ ነገር ያለው ከ«ግን» ወዲያ ነው። ልጅቱ «የጤና አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ስትለኝ እኔም እንደ ወጉ «ደህና» ብዬ፣ ጀልባው ነዳጅ እያጣ እንደሚቆም፣ ነርሷም ብቻዋን እንደሆነች ልነግራት ስጀምር፣ በእጇ የያዘችው መሣሪያ ወደ ሌላ ጥያቄ ዘለለ።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ገና መናገሬ ነው» አልኳት።

«መምህር፣ አንዴ ደህና ካሉ በቃ፣ ይሄ ነገር አይጠብቅም» አለችኝ፤ አፍራ ነበር።

በእሷ አልፈርድም። የተሰጣትን ነው የያዘችው። ያዘዝኳት ግን እኔ ነኝ የሚል ካለ፣ ከዘጠና ሰባታችን ስንቱ ከ«ደህና» በኋላ አፉን ከፍቶ እንደቀረ ቢነግረን ደስ ይለን ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጄ ስለ ምዋናኮምቦ። ምጥ የያዛት ጀልባው በሄደ በአምስተኛው ወር፣ ከንጋት ጸሎት በኋላ ነው። ሞተሩ ቢኖር ኖሮ ከተማው የአርባ ደቂቃ መንገድ ነበር። ብዋና ሄመዲ የጫኑትን እንጨት አራግፈው በባለ ሸራ ጀልባቸው ወሰዱን፤ ነፋሱ ከፊት ነበርና አምስት ሰዓት ሄደን ገና መንገድ ላይ ነበርን። ቢ ሩኪያ ራሷን ደግፈው «ምዋናኮምቦ፣ እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?» አሏት።

«ደህና ነኝ» አለች፤ «ግን በረደኝ።»

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሸማዬን አለበስኳት፤ ቢ ሩኪያም የራሳቸውን ደረቡላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም፤ ሕፃኑም ከሆዷ ሳይወጣ ቀረ። ክቡር ኃላፊ፣ ሐዘኔን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ የምችል መስሎኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አቅቶኛል። ልጄ አስተዳደግ ነበራት። በሞት አፋፍ እንኳ ለጠየቃት ሰው አስቀድማ «ደህና» ብላለች፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። የብዋና ሄመዲ ምራት ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እንዴት ነሽ ቢሏት ደህና ነኝ ትላለች። እባክዎ አያምኗት፤ ጀልባውን ይመልሱልን።

ሥልጣንዎን ያርዝምልዎ፤ ጥያቄዎችዎን ያብዛልዎ፤ መልሱን ደግሞ እስከ መጨረሻው የሚሰማ ጆሮ ይጨምርልዎ እያልኩ፣ ወደ ፊት በሚያወጡት ማናቸውም መቶኛ ውስጥ ለመቆጠር ዘወትር ዝግጁ የሆንኩ፣

ከዘጠና ሰባቱ አንዱ፣
ሼ አትማን ባካሪ
ሚቴንዴኒ

ማስታወሻ፦ ልጅቱ በዚህ ሳምንት ለሁለተኛው ዙር መጥታ ነበር። የቤተሰባችን ቁጥር ካለፈው ዙር ተቀድቶ ስድስት ተብሎ ተሞልቶ አገኘሁት፤ እንድታርመው ብጠይቃት መሣሪያው አይፈቅድልኝም አለች። አምስት ነን። ይህኛው እንኳ አስተያየት አይደለም።