ቀጥ ብሎ ለሚቆም ሰው የተቆረጠ ኮት

ጥር 9

ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ዘጠና አንድ። ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት መቶ ሠላሳ ሁለት ነበርኩ። በሰባት ወር አርባ አንድ ኪሎ... አንድ ልጅ አዝዬ ኖሬያለሁ ለካ!

ቁርስ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ግማሹ ቀረ። ጨጓራዬን ቆርጠው አብዛኛውን ስላወጡት፣ የቀረችልኝ ከሸሚዝ ኪስ አትበልጥም። ነርሷ ያስጠናችኝ ሕግ አለ። መጀመሪያ ፕሮቲን፣ አንዱን ጉርሻ ሃያ ጊዜ ማኘክ፣ ከምግብ ጋር ውኃ አለመጠጣት። ሃያ ደርሼ አላውቅም። አሥራ አንድ ላይ ይጠፋብኛል።

ሱቅ። ሦስት ሱሪ ቆረጥኩ። እኔ ቆራጭ፣ ጓደኛዬ ሰፊ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር። ሰፈሩ "ወፍራሙና ቀጭኑ ጋ" ነው የሚለን። እኔም ቀጭኑን ቀጭኑ ነው የምለው፤ ስሙን ከጠራሁት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ አንድ የድሮ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ሁለታችንንም አየና፣ "ወፍራሙ የትኛችሁ ነበራችሁ?" አለ። ቀጭኑ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር በሳቅ።

ማታ ባለቤቴ እንደ ልማዷ፣ "ወገብህስ?" አለችኝ።

"ተሻለኝ።"

አልተሻለኝም።

ጥር 12

ለምን እንደምዋሽ እዚህ እንኳ ልጻፈው።

የተቀደድኩት ለወገቤ ነው። ሸክሙ ሲቀል ወገብ ያርፋል ተባልኩ። ባለቤቴ ግን በጭራሽ አልተዋጠላትም። "ወገብህን እያመመህ ሆድህን ትቀደዳለህ? ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል የሚያስጠግን ሰው የት አይተሃል?" አለችኝ። ሁለት ወር ተኳረፍን። እኔም ግትር ነኝ፣ አደረግሁት።

ደህና ሆነ፤ ሌላው ሁሉ ደህና ሆነ። ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። የጫማዬን ክር ራሴ አስራለሁ። ወገቤ ግን እንደ ድሮው... አሁን ምን ልበላት? ወለሉ አምሯል፣ ጣሪያው ያፈሳል ልበላት?

ጥር 17

ቀኑን ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። አርባ ሁለት ቀሚስ። ከሰዓት ላይ ቀጥ ብዬ መነሣት አቃተኝ፤ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዤ ቆየሁ። ቀጭኑ አላየኝም። ወይም እንዳላየ ሆነ።

የአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮዬን ከፍቼ እዚያ ከደበቅኩት አንድ ክኒን ዋጥኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ የሰጠችኝ ወረቀት አለ። "እነዚህን የሕመም ማስታገሻዎች በፍጹም።" የተቆረጠ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ። የምውጠው እነሱኑ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ነበር።

ጥር 23

ብስኩት። ስድስት።

አፍ ውስጥ ስለሚሟሟ ጨጓራዬን አያስጨንቀውም፣ እንደ ዓሣና እንደ ዶሮ ደረቴ ላይ ቆሞ አይቀርም። ባለቤቴ ዓሣ ቀቅላ፣ እሾኩን አንድ በአንድ ለቅማ ነበር የቋጠረችልኝ። ለቀጭኑ ሰጠሁት። ባዶውን ዕቃ ይዤ ስገባ፣ "ጨረስከው? እሰይ!" አለች። ፊቷ እንዴት እንደ በራ... ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈገግ አልኩላት።

ቀጭኑ በኔ ምሳ ቦርጭ እያወጣ ነው።

የካቲት 2

ቀጠሮ። ነርሷ ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው። "ጋሼ፣ ኪሎው ጥሩ ነው የወረደው። ጡንቻዎ ግን አብሮ እየሄደ ነው። ፕሮቲኑን ይበላሉ?"

"እበላለሁ።"

"ማስታገሻ የሚባል ነገርስ?"

"ኧረ በፍጹም!"

እንዴት እንደ ቀለለኝ። ድሮ አንዲት ውሸት ስናገር ጆሮዬ ድረስ እቀላ ነበር።

የካቲት 5

ቀጭኑ ዛሬ ተቆጣ። "ሁለት ሰው የሚገባበት ኮት ለብሰህ ደንበኛ ትቀበላለህ? ሱቁን እያሰደብከው ነው። ና፣ ቁም!"

"በኋላ..."

"ቁም አልኩህ!"

ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለካኝ። ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ የእጅ ቁመት። ቁጥሩን እየጮኸ ጻፈው። ወገብ ላይ ሲደርስ ተጠራጥሮ ደግሞ ለካ። ግራጫ ሱፍ መረጠልኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደንበኛ አዝዞት ሳይወስደው የቀረ ጥሩ ጨርቅ ነው። ራሴ ልቁረጠው ስለው እጄን መታኝ። የራሱን ኮት ማንም ቆራጭ አይቆርጥም አለ። ደስ አለኝ። ለስንት ሰው ቆርጬ፣ እኔን ቆሞ የለካኝ እሱ ብቻ ነው።

የካቲት 11

ከደረቴ በታች ያቃጥላል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። እርጎም ያቃጥላል፣ ውኃም ያቃጥላል።

የቀዩ እስክሪብቶ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አለ። አውጥቼ አነበብኩትና መለስኩት። ፈርቻለሁ። ክኒኑን ብተው ጠረጴዛው ጋ ግማሽ ቀን አልቆምም። ካልቆምኩ አልቆርጥም። ካልቆረጥኩ ምንድን ነኝ? ባልተወው ደግሞ...

የካቲት 12

"ወገብህስ?"

"ተሻለኝ።"

የካቲት 16

ኮቱን የመጀመሪያ ልክ። እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ቀጭኑ በነጭ ክር ለጊዜው ብቻ ሰፍቶ አለበሰኝ። አንዱን አዝራር ቆለፈና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ተንበረከከ፣ የፊቱን ጫፍ ሳብ አደረገ። ለቀቀው። ተመልሶ ተነሣ።

"ምነው?"

"ዝም በል።" መርፌዎቹን ከአፉ ላይ አወጣ። "ሁለት ጊዜ ነው እኮ የለካሁህ! ምን ሆኜ ነው?"

ወደ መስታወቱ ዞርኩ። የኮቱ ፊት ሦስት ጣት ያህል ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ጀርባው ወገቤ ላይ ተጨማዶ ተቆልሏል። እንዲህ ዓይነቱን ኮት ደንበኛ ላይ ባየው ገና ከበሩ ሳይገባ ነበር የማውቀው። ስንቱን ቦርጫም አልብሻለሁ! ሆዳቸው ወደ ፊት እንዳይጥላቸው ወደ ኋላ ተለጥጠው ነው የሚቆሙት። ስለዚህ ፊቱን ረዘም፣ ጀርባውን አጠር አድርጌ እቆርጥላቸዋለሁ። ይህን ለቀጭኑ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ኮቱ ላይ ምንም ጥፋት የለም። ቀጥ ብሎ ለሚቆም ሰው ነው የተቆረጠው። የተለጠጥኩት እኔ ነኝ።

ቀጭኑም ገባው። ጎን ዞሮ አየኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሆድህ እኮ ሄዷል! ለማን ብለህ ነው ወደ ኋላ የምትለጠጠው?"

ሳቅን። ከዚያ የኔ ሳቅ ቆመ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ከሱም በፊት ስንት ዓመት፣ ወገቤ ሆዴን ወደ ኋላ የመጎተት ሥራ ይዞ ነበር፤ ሥራው አለቀ፣ እሱ ግን የሚነግረው አጥቶ አሁንም ይጎትታል።

"ፊቱን ሦስት ጣት ላስረዝመው? ትርፍ ጨርቅ ትቼለታለሁ" አለኝ።

"አትንካው።"

"እና እንዲህ ልትለብሰው?"

"ስቀለው። ይቆየኝ። የምስተካከለው እኔ ነኝ።"

እንደ እብድ አየኝና ሰቀለው።

የካቲት 18

ነገርኳት።

እራት ላይ የአዝራር ቆርቆሮውን ይዤ መጣሁና ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። አዝራሮቹ መካከል የክኒኖቹ ማሸጊያ ብቅ ብቅ አለ። አንዱን አንሥታ አነበበችው። የቀዩን እስክሪብቶ ወረቀት ከኔ በላይ ነው የምታውቀው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከታኅሣሥ።"

"ተሻለኝ ስትለኝ የነበረው?"

"ውሸቴን ነው።"

"ባዶ ሆኖ የሚመጣው ምሳስ?"

"ቀጭኑ ነው የሚበላው።"

ተነሥታ የታጠቡትን ሳህኖች ደግማ ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ "መዋሸትህ አይደለም የገረመኝ" አለች። "እኔን ፈርተህ ሆድህን ልታደማ ነበር። ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የፈራኸኝ?"

ጣሪያና ወለል ያለችኝን ላነሣ ነበር፣ ተውኩት። አነጋገሯ አይደለም ጥፋቱ። ትክክል ሆና እንዳትገኝ ነው የፈራሁት። በዚህ ዕድሜዬ...

የካቲት 19

አላናገረችኝም። "ወገብህስ?" ማለትም ቀረ። ያች ጥያቄ እንዲህ ትናፍቀኛለች ብዬ አላሰብኩም።

የካቲት 20

ጠዋት ነርሷ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ዛሬውኑ ይምጡ፣ ጋሼ" ብቻ አለች።

ልወጣ በሩ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። አብረን ሄድን። ጨጓራዬን በቱቦ አዩት። ትንሽ ቁስል ጀምሯል። አልደማም። መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ለሕመም የሚሆነኝ ሌላ ዓይነት ማስታገሻ እንዳለም ያን ጊዜ ነገሩኝ። ብጠይቅ ኖሮ በታኅሣሥ ይነግሩኝ ነበር...

ከዚያ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ክፍል ላኩኝ። ባለሙያው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ስለ ኮቱ ስነግረው ሥራውን አቁሞ ሰማኝ። "ያ ሰፊ ከራጅ ይበልጣል" አለ። ግድግዳ ጋ አቆመኝ። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻ፣ ጭንቅላት። ጭንቅላቴ ግድግዳውን አልነካ አለ። ሆዴንና ወገቤን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሰጠኝና፣ "ምን ይበላሉ?" አለኝ።

ባለቤቴ ቀድማኝ፣ "ብስኩት" አለች። በሁለት ቀን ውስጥ ስለ እኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል።

"ወገብ የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ከብስኩት አይሠራም" አለ ሰውየው። እሷን እያየ ነው የተናገረው፤ እኔን ማየት ትርፉ ድካም መሆኑ ገብቶታል።

የካቲት 24

ምሳዬን ራሷ ይዛ ሱቅ መጣች። ቀጭኑ ሲያያት እንደ ሌባ ደነገጠ።

"አንተ ደግሞ፣ ዓሣዬ ጣፍጦህ ነበር?" አለችው።

"እጅሽን ይባርከው... እ... በጣም።" ወደ ስፌት መኪናው ጎንበስ አለ። ቀኑን ሙሉ ቀና አላለም።

ስቆርጥ ቆማ አየችኝ። ከዚያ፣ "ምነው ከጠረጴዛው ራቅህ? ይነክሳል እንዴ?" አለች።

ወደ እግሬ አየሁ። ወለሉ ላይ እግሮቼ የቆሙበት ቦታ ቀለሙ ለቅቋል፤ ሁለት የጫማ ቅርጽ። ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ከምናምን ይርቃል። የዚያ ሁሉ ዓመት የሆዴ ስፍራ ነው። እዚያው ቆሜ፣ ወገቤን አጥፌ፣ እጄን ዘርግቼ ባዶ ቦታ ተሻግሬ እቆርጣለሁ።

ጀርባዬ ላይ መዳፏን አሳርፋ ገፋችኝ። የጠረጴዛው ጫፍ ቀበቶዬን እስኪነካ ድረስ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራበት ቀበቶዬን ነክቶ አያውቅም። መቀሱ እጄን ሳልዘረጋ ጨርቁ ላይ ደረሰ። ወገቤ አልታጠፈም።

ዓይኔ እንባ ሞላ። ጨርቁ ላይ እንዳይወርድ ቀና አልኩ።

ቀጭኑ አራት እንጨት አምጥቶ የጠረጴዛውን እግሮች ከፍ አደረጋቸው። ምሳዬን እሷ እያየችኝ በላሁ። ዶሮ፣ ሦስት ማንኪያ ምስር። ሳኝክ ሃያ ደረስኩ፤ የቆጠረችው ግን እሷ ናት።

መጋቢት 3

ግድግዳ። አሥር ደቂቃ። ማንጠልጠያ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ነው የምሆነው።

መጋቢት 9

ሳላስበው እግሬ የድሮው ቦታ ላይ ሄዶ ቆሟል። አንድ ሰዓት ሙሉ። ማታ አመመኝ። እግሬን የሚያስተምር ሐኪም የለም?

መጋቢት 14

ሁለት ብስኩት በላሁ። ጻፍኩት፤ ለእሷም ነገርኳት። "እሺ" ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች።

መጋቢት 22

ነርሷ ክንዴን ጨበጠች። ደገመችው። "ይኸውልዎት!" አለች። ቁስሉም እየዳነ ነው። ማቃጠል ከተወኝ ሰንብቷል።

ጭንቅላቴ ዛሬ ግድግዳውን ነካ።

ሚያዝያ 4

ቀጭኑ ሳይጠይቀኝ ኮቱን ከማንጠልጠያው አውርዶ አለበሰኝ። አዝራሩን ቆልፎ ሁለት እርምጃ ራቀ። ጎን ዞረ። ተንበረከከ።

"አንድ ጣት ይቀረዋል" አለ። "ላስረዝመው?"

"አትንካው ብዬሃለሁ።"

"ግትር!" አለኝ፤ ግን ነጩን ክር አወጣና የመጨረሻውን ስፌት ጀመረለት። በነገራችን ላይ የሱ ሱሪ ወገቡ ላይ ጠቦታል። ልኩን ወሰድኩለት። ሰፈሩ ስማችንን ሊያገላብጠው ነው።

አዲሱን ኮት ለብሼ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ በር ላይ ዞር ዞር አድርጋ አየችኝ፤ ትከሻዬ ላይ የቀረች ነጭ ክር አነሣች። እንቁላል ቀቅላ፣ ትንሽ አቮካዶ ቆራርጣ አስቀመጠችልኝ። ተቀመጥኩ። እሷም ፊት ለፊቴ።

"ወገብህስ?" አለች።

ከየካቲት 18 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ያ የለመድኩት ቃል። ዋጥኩት።

"ዛሬ ከሰዓት በኋላ አሞኝ ነበር" አልኳት። "ትንሽ። አሁንም ያመኛል።"

"እሺ" አለች። "ብላ፣ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ።"