ስንዴ ውስጥ የቀበርናት ጠርሙስ

ውድ እታለም አምለሰት፣

እንደምን አለሽ ልልሽ ነበር፣ እጄ ለምዶ። ከተቀበርሽ አርባ ሦስት ቀን ሆነሽ። እኔ ግን እስካሁን እፈራለሁ፣ ይሄን ስጽፍልሽ እንኳ በሩን በሩን አያለሁ።

ያቺ ጠርሙስ ተገኘች። ባሕር ዳር ኬክ ቤት ስትሠሪ ያመጣሽውን አምስት ዛላ ቫኔላ ሰንጥቀን፣ ለኬካችን ማጣፈጫ እንዲሆነን የእማ አረቄ ውስጥ ከትተን፣ ስንዴው ጎታ ውስጥ የቀበርናት። «ብርሃን እንዳያያት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነቅንቂያት፣ ስድስት ወር ሳይሞላት እንዳትከፍቻት። ለማንም እንዳትናገሪ ደግሞ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ሳንከራይ ማንኩሳ ሙሉ የምንከፍተውን ኬክ ቤት ያወራዋል» ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ለኦፕራሲዮን ሄድሽ፣ ሬሳሽ መጣ። እኔ መነቅነቄን አልተውኩም።

በአርባሽ ዋዜማ አክስታችን እትዬ ደስታነሽ ለተዝካርሽ ስንዴ ሊሰፍሩ ገብተው አወጧት። አረቄው ጠቁሯል፣ ውስጡ ጥቁር ጥቁር ነገር ተጋድሟል። ጮሁ፣ እማና ጎረቤቱ ሁሉ ተሯሩጠው መጡ።

«ሥር ነው! የደብተራ ሥር! ልጅቱን ምን አጠጥተሻት ኖሯል?»

«ቅመም ነው እትዬ፣ የኬክ ቅመም ነው» ብል ማን ይስማኝ።

«ቅመም ጎታ ውስጥ ይቀበራል? ሞኝሽን ፈልጊ!»

እማ አየችኝ፣ እታለም። እንዲያ አይታኝ አታውቅም። የማደርገው ባጣ ክዳኗን ከፈትኩት፣ ገና አራት ወሯ ነው፣ ቃልሽን አፈረስኩ፣ በፊታቸው ተጎነጨሁ። ጉሮሮዬ ነደደ። ሁሉም ቆሞ እስክወድቅ ጠበቀ።

እማ ከእጄ ተቀብላ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። «ይሄማ የልጄ የነጠላዋ ሽታ ነው» አለች፣ «ከባሕር ዳር ስትመጣ ይሄን ነበር የምትሸት» ብላ ጠርሙሷን እንደ ሕፃን አቀፈቻት። እትዬ ደስታነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወጡ።

እማ ራሷ ከድና መልሳ ቀበረቻት። ትናንት ቅዳሜ አልነበር፣ ልነቀንቃት ስሄድ ቀድማኝ ጎታው ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። «ስንቴ ነው የምትነቀነቀው?» አለችኝ።

አሁን የምፈራው ይሄንን ነው። ስድስት ወሯ ሐምሌ ላይ ይሞላል፣ አንቺ እስከ መነቅነቁ ብቻ ነው የነገርሽኝ። ለአንድ ኬክ ማንኪያ ነው ወይስ ጠብታ? ዛላው ይወጣል ወይስ እዚያው ይቆያል? እማ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

እስከዚያ ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችን እንነቀንቃታለን።

ታናሽሽ ያምሮት