የመቱ መናፈሻና የአባታችን ዋስነት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ገብረ ሥላሴ ደርበው፤ አዲስ አበባ።

ከሐዘኑ ወዲህ እንዴት ከረሙ? እንቅልፉስ፣ እህል መቅመሱስ እንዴት ሆነልዎ? እትዬ ሮማነወርቅን ያ የጎን ውጋት ተዋቸው ወይ? ጥሩአየሁስ ፊደል ጨረሰች? እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሰው ሲመጣም ተነሥታ ትቀበላለች፤ ነገር ግን አባባ ይቀመጡበት በነበረው መደብ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አትወድም። እኅታችን አበባየሁ ከስታለች። የእሷን ነገር ከታች እጽፍልዎታለሁ።

ነጋዴው ዳምጤ ነገ ጭነቱን ይዞ ይወጣል። ከእሱም ጋር ብዙ ወሬ አብሮ ይወጣል። «የደርበው ቤት ተዝካር እንደ ሰው አላወጣም፤ ለእድምተኛ ድንጋይ አሸከሙ» የሚል ሰው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ እጅ ያንብቡት ብዬ ነው ይህን መጻፌ። ወደ እርስዎ ስለ መምጣቴ ለጠየቁኝም መልስ እሰጣለሁ፤ አስቀድሞ ግን ነገሩ ከሥሩ ይግባዎ። አብዛኛው እርስዎ ከዚህ ከሄዱ በኋላ የሆነ ነው።

የከተማችን ሹም ግራዝማች አሰፋ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ እዚያ ያዩትን የሕዝብ መናፈሻ እያነሡ ዕረፍት ነሥተውን ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያው ሳይበተን ነጋዴውንም፣ ባለርስቱንም፣ የግምሩክ ጸሐፊዎቹንም ሰብስበው፣ «ከዳሪሙና ከሶር ወንዝ ማዶ ቡና ተሸክሞ የሚመጣ ሰው የሚያርፍበት ጥላ የለው፣ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣው ውኃ የለው፤ እንዲህ ያለው ከተማ ይባላል?» አሉ። ሕዝቡም እውነት ነው አለ። ነጋዴው ከየጭነቱ ሊያዋጣ፣ ባለርስቱ እንጨትና ድንጋይ ሊያቀርብ፣ የቀረው በጉልበቱ ሊሠራ ተስማሙ። ቦታው ታጥሮ፣ ዛፍ ተተክሎለት፣ ምንጩም በድንጋይ ታንጾ እስኪያልቅ ድረስ ሥራው እንዳይቋረጥ ከተማው ቃል ገባ።

ለዚህ የሚሆነው ቦታ ከገበያው በታች ያለው የኦቦ ያደታ ረባዳ ነበር። ኦቦ ያደታን ያስታውሷቸዋል፤ አባባ ኦሮምኛ የተማሩት ከእሳቸው ጋር ከብት ሲገበያዩ ነው። ከአባታቸው ሰፊ መሬት ተርፋ በእጃቸው የቀረችው ያቺው ረባዳ፣ በውስጧም እነሱ ቡርቃ የሚሏት ምንጭ ናት። ተጠርተው መጡና ነገሩን ቆመው ሰሙ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን እኔ ራሴ ከአባባ ጎን ቆሜ ሰምቻለሁ። «የቀረውን መሬቴን ስትወስዱ ዋስ አልጠየቅኋችሁም፤ እናንተም አልጠየቃችሁኝምና። ይህችን ግን ጠይቃችሁኛል። እሰጣለሁ። እንደምትጨርሱት ግን ዋስ ጥሩልኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ግራዝማች ሳቅ ብለው፣ «ለከተማ ደግሞ ማን ዋስ ይሆናል? ከተማ የት ይጠፋብዎታል?» አሏቸው። ኦቦ ያደታም፣ «ከተማውስ አይጠፋም። ቃሉን የሰጠው ሰው ነው የሚጠፋብኝ» አሉ። ከዚህ በኋላ አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡና፣ «እኔ ደርበው ዋስ ነኝ» ብለው በንጉሥ ስም ማሉ። የተሰበሰበው ሰው እፎይ አለ። እናታችን ማታ ስትሰማ፣ «ሰው ለሰው ዋስ ሲሆን አይቻለሁ፤ ለገበያተኛ ሁሉ ዋስ የሆነ ግን አንተን አየሁ» አለቻቸው። አባባ ግን ደስ ብሏቸው ነበር።

የመጀመሪያው በጋ ሥራው ጥሩ ነበር። ከሶር ድንጋይ ወረደ፣ ግማሹ አጥር ቆመ፣ የዋንዛና የቀረሮ ችግኝ ተተከለ። ምንጩም ሊታነጽ ነው ተብሎ አፉ ተቆፍሮ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ቡና ረከሰ። ነጋዴው መዋጮውን አቆመ፤ ባለርስቱም ነጋዴው ካቆመ እኔን ምን አገባኝ አለ፤ ግራዝማችም ለከርሞ አሉ። ተቆፍሮ የቀረው የምንጭ አፍ በክረምቱ ተናደ። ባልተዘጋው አጥር በኩል ከብት እየገባ ረገጠው። ቀድሞ ጠጠሩ ይታይበት የነበረው ውኃ ጭቃ ሆነ፤ የኦቦ ያደታ ምራቶችና ጎረቤቶቻቸው እንስራ አዝለው እስከ ወንዙ ቁልቁለቱን መውረድ ጀመሩ። ቃል ባንገባላቸው ኖሮ ውኃቸውን ባላጡ ነበር። አባባን የበላቸው ይህ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከግራዝማች ደጅ አይጠፉም ነበር። መጀመሪያ ወንበር ይሰጧቸው ነበር፤ ኋላ አሽከሩ «ጌታዬ ተኝተዋል» ማለት ያዘ። የገበያው ሥራ ፈቶችም ሲያልፉ ሲያዩዋቸው፣ «ጭቃ ሹም መጡ፣ ጭቃ ሹም! ጌታዬ፣ ግዛትዎ ደኅና ነው?» ይሏቸው ነበር። አባባ አይቆጡም። «ገና እየረጠበ ነው» ብለው ያልፋሉ። ኦቦ ያደታ ግን አንድ ቀንም ደጃችን መጥተው አልጠየቋቸውም። ገበያ ሲገናኙ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጨዋወታሉ፤ የምንጩን ነገር ሁለቱም አያነሡም። አባባ፣ «በጠየቀኝ ይሻለኝ ነበር» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ዶማ ይዘው ብቻቸውን ወደዚያ መውረድ ጀመሩ። እኔና አበባየሁ እየተከተልን ብንለምናቸውም አልሰሙንም። ዝናቡ ገና ስላልቆመ ጭቃው ውስጥ ቆመው እየዋሉ ብርድ መታቸው፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን በመርዶው ጊዜ ሰምተዋል።

ያልሰሙት ይህን ነው። ሊያርፉ ሲሉ አበባየሁን ጠርተው፣ «ውኃው ጠራ ወይ?» ብለው ጠየቋት። እሷም ጨንቋት፣ «አዎን አባባ፣ ጠርቷል» አለቻቸው። «እስቲ አምጪልኝ» አሏት። ወጥታ ከጎረቤት ጉድጓድ ቀድታ አመጣችላቸው። አባባ ቀመሱት። ኩባያውን መልሰው ሰጧትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አበባየሁ ከዚያን ቀን ወዲህ፣ «አወቁብኝ፤ ዋሽቼ ሸኘኋቸው» እያለች ታለቅሳለች። ጋሼ፣ እኔ የምላት ቃል አጥሮኛል፤ እርስዎ አንድ ነገር ይጻፉላት።

በሠልስቱ ኦቦ ያደታ ከወገኖቻቸው ጋር ወደ ዳሱ ሲገቡ ለቅሶው ሁሉ ጸጥ አለ። ዋሳቸውን ሊጠሩ መጡ ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን አልቅሰው፣ ከእናታችን ጎን ተቀምጠው፣ «ወዳጄን ላለቅስ ነው የመጣሁት። ስለ ሌላው ዛሬ አፌን አልከፍትም» አሉ። ያን ጊዜ ግራዝማች አሰፋ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንግዲህ ነገሩ በዚህ አለቀ ማለት ነው» አሉ። እናታችን ፊቷን ከሸፈነችበት ነጠላ ሥር ቀና ብላ፣ «አላለቀም፤ ግራዝማች፣ ባሌ እንጂ ቃሉ አልሞተም» አለቻቸው።

እናታችን የነፍስ አባታችንን መምሬ ወልደ ማርያምን ስታማክራቸው እኔም እዚያው ነበርሁ። «ዋስ ሆኖ የሞተ ሰው በተዝካር ያርፋል ወይ?» አለቻቸው። መምሬም፣ «ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን። ለሰው የገባውን ቃል ግን እኔ ልፈጽምለት አልችልም» አሏት። ያን ቀን ቆረጠች። ለአርባቸው የደለበው በሬ፣ የተጠመቀው ጠላ፣ እርስዎ የላኩትም ሁሉ ለዚያው ቀን እንዲሆን፣ ዳሱ ግን በደጃችን ሳይሆን በረባዳው እንዲጣል አዘዘች። ለምን ብለን ስንጠይቃት፣ «ደቦ ያለ ምግብ ይጠራል እንዴ?» አለች።

የአርባው ቀን ቅዳሴው ካለቀ፣ ፍትሐቱ ከደረሰ በኋላ፣ ነጭ የለበሰው ሰው ወደ ረባዳው ወረደ። የኔ ቢጤዎችና ሕመምተኞች አስቀድመው ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ እናታችን ለእነሱ ምንም አልጠየቀችም። ለቀረው ሰው የተዘጋጀው ሌማትና ጋን ግን በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ዓመት ሙሉ ካልተነሣው የድንጋይ ክምር በስተኋላ ተቀምጧል። እናታችን ከፊቱ ቆማ፣ «የደርበው ተዝካር ደቦ ነው። ድንጋዩ የእናንተ ነው፤ ቃሉም የእናንተ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ምግብ አለ» አለች።

ጉድ ተባለ። አንዲት ሴትዮ፣ «ኧረ በማርያም! ለተዝካር ቀሚሴን አጥቤ ልሸከም ነው?» ስትል፣ አንዱ ዲያቆን፣ «እኔ መቋሚያ እንጂ ዶማ አልያዝሁም» እያለ ሰዉን ያስቃል። አንዳንዱም ተቆጥቶ ሄደ፤ ለእርስዎ ወሬውን የሚያመጡት እነዚያ ናቸው። እናታችን ነጠላዋን በወገቧ አሠረችና የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣች። ከብዷት ነበር። አበባየሁ በአንድ በኩል ያዘችላት። መምሬም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተከተሉ። ግራዝማች አሰፋ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ካባቸውን አውልቀው ለአሽከራቸው ሰጡና ወደ ክምሩ ሄዱ። እሳቸው ጎንበስ ሲሉ የቀረው ሰው ሁሉ ሸማውን ጣለ። የሐዘን ዜማ ይሁን የደቦ ዜማ ባልታወቀ ድምፅ ሲሠሩ ዋሉ።

ሲመሽ ምንጩ በድንጋይ ታንጾ፣ የእንጨት አሸንዳም ተተክሎለት ነበር። የሚወርደው ውኃ ግን አሁንም ደፍርሶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ብንወርድ ጠጠሩ ይታያል። ኦቦ ያደታ ቀድመውን ደርሰዋል። በቅል ቀድተው መጀመሪያ ለእናታችን አጠጧት። አበባየሁ ግን አልጠጣም አለች። ቅሉን ሞልታ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደችና ከአባባ መቃብር ራስጌ አፈሰሰችው። ተከትያት ነበር፤ እንዳላየሁ ሆኜ ተመለስሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእኔ ነገር ነው። በቅዳሜው ኦቦ ያደታ እንደ መጀመሪያው ጊዜ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆመው፣ «ስለ ውኃው ደርበውን ከዋስነት አውርጄዋለሁ፤ ነፍሱ ትረፍ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አጥሩ ግን ግማሽ ነው። ችግኙንም ከብት በልቶታል። ቃሉ መናፈሻ ነበር እንጂ ምንጭ ብቻ አልነበረም። ዋሴን አውርጃለሁና ሌላ ዋስ ጥሩልኝ» አሉ። ግራዝማች ዘንድሮ መዋጮው ይጀመራል፣ ከተማው አሁንስ ቃሉን ይጠብቃል ብለው ብዙ ተናገሩ። ኦቦ ያደታ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ዋስ» አሉ። ሰዉ ያንኑ መሬቱን አየ።

ጋሼ፣ ወደ ስብሰባው የሄድሁት ዋስ ልሆን አስቤ አልነበረም። የእርስዎ ደብዳቤ ከኪሴ ነበር፤ በጽሕፈት ቤቱ ሥራ እንዳገኙልኝ፣ ከልደት በፊት እንድደርስ ያዘዙኝ ደብዳቤ። በቅሎም ተነጋግሬ ነበር። ኦቦ ያደታ ማንንም አልተመለከቱም፤ እኔንም አልተመለከቱኝም። አባባ የቆሙበት ቦታ ግን ባዶውን ነበር። ወጥቼ ቆምሁበትና ማልሁ። የተሰበሰበው ሰው እንደዚያን ጊዜው እፎይ አለ። እናታችን ስነግራት አልመረቀችኝም፣ አልተቆጣችኝምም፤ የአባባን ዶማ አውጥታ ከደጃፉ አስደገፈችው።

እንግዲህ አልመጣም። ዋስ የሆነ ሰው ከአገር አይወጣም፤ ከተማውም እንዴት እንደሚጨርስ አባባ ላይ አይተናል። አጥሩ በሁለት በጋ ይዘጋ ይሆናል። ዛፉ ግን ለሰው ጥላ እስኪሆን ድረስ ነው የማልሁት፤ አዲስ የተከልናት ዋንዛ ዛሬ ከጉልበቴ በታች ናት። ስለ ሥራው የለመኗቸውን ሰዎች አሳፍሬብዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ተዝካሩንም በልተነዋል፤ ማንም ቀርቷል ቢልዎ አልቀረም ይበሉት።

እናታችን፣ «ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ብላሃለች በልልኝ» ትላለች። አበባየሁ እጅ ትነሣለች፤ መልስዎን ትጠብቃለች። መምሬ ወልደ ማርያም፣ «በጸሎት አልረሳህም» ብለውዎታል። ለእትዬ ሮማነወርቅ ከእናታችን የተላከው የቅመም ቋጠሮ ከዳምጤ እጅ ይድረሳቸው፤ ጤናቸውንም ይመልስላቸው። ጥሩአየሁን በእኔ ስም ጉንጯን ይሳሙልኝ። አጎትሽ ይመጣል ብላችሁ ያነጠፋችሁልኝ መደብ እንዳለ በደብዳቤው አይቻለሁና፣ እንግዲህ እሷ ትተኛበት።

ታናሽ ወንድምዎ፣
ሸዋንግዛው ደርበው
መቱ፤ ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.