ከቀዩ መስመር ወዲህ ብቻዬን ደህና ነኝ

ለባሕር ዳርቻ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቢሮዎ ከባሕሩ የራቀውን ያህል ሕመም ከደጅዎ ይራቅ፤ የቤተሰብዎም ሰላም እንደ አዲሱ የድንጋይ ግንባችን የጸና ይሁን ልል ነበር፣ ግንቡ ባለፈው ክረምት በሰሜን በኩል መናዱ ትዝ ቢለኝ ምኞቴን አንስቻለሁና በሌላ ጠንከር ባለ ነገር ይተኩልኝ።

ስሜ ትሬሲያማ ክሪስፒን ነው። የቫላምቱራ መንደር ዓሣ ሻጭ ነኝ። ባሌን የወሰደብኝ፣ ሰው እንደሚገምተው ባሕሩ ሳይሆን፣ የስኳር በሽታ ነው፤ ልጄ ኳታር መኪና ይነዳል። አሥረኛ ክፍልን ጨርሻለሁና ይህን ደብዳቤ ማንም አላጻፈኝም። የምጽፈውም በቅሬታ ሳይሆን በታላቅ ደስታ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ ደህና መሆኔን በማኅተም አረጋግጦልኛልና። በሕይወቴ ደህና ነሽ ብሎ በጽሑፍ የነገረኝ የለም፤ ባሌ እንኳ በቃል ነበር የሚለኝ። ስለዚህ የምስጋናዬን ምክንያቶች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ መስመሩ። ሠራተኞችዎ ሜትርና ቀይ ቀለም ይዘው መጥተው፣ ከውሃው በሃምሳ ሜትር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ አደጋ ላይ ነው ብለው መስቀል ሲቀቡበት፣ መስመሩ በእኔና በጎረቤቴ በሉርዳማ መካከል ባለው የኮኮናት ቅጠል አጥር ላይ አለቀ። የእሷ ኩሽና አደጋ ላይ ሆነ፤ የእኔ ኩሽና ደህና ሆነ። ሉርዳማ ወገቧን ይዛ፣ «እና ባሕሩ እዚህ ሲደርስ አጥር አይቶ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል?» ብትለው፣ ለኪው ልጅ ሱዲሽ፣ «እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩት እንድለካ ነው፤ ከባሕሩ ጋር እንድነጋገር አይደለም» አላት። ልጁ እውነቱን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተጭኖ ሩቅ አውራ መንገድ ዳር ለተነሺዎች ወደተሠራው አዲስ ፎቅ ሄደ። ከእኔ ጓሮ ኋላ ያለው የረጋ ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ ከቀዩ መስመር ወዲህ የቀረሁት እኔ አንዲት ነኝ። አማቴ ቤቱን ከሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሠራው «ከባሕር የሚሸሽ ዓሣ አጥማጅ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ አሁን ማን ሊስቅበት!

፪. ስለ ጸጥታው። አምላክ ይስጥልን፣ የዳርቻው ጸጥታ ተጠብቋል። ከሉርዳማ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ በዶሮዬ ምክንያት ስንሰዳደብ ኖረናል፤ ቃሪያዋን ትጭርባት ነበርና። «ባለቤቷም ዶሮዋም አንድ ናቸው፤ ያልዘሩትን ይለቅማሉ» ትለኝ ነበር። እኔም የምመልሰው አላጣሁም፤ ግን ጨዋ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም። ዛሬ ዶሮዋ የሚያባርራት ጠፍቶ ወፍራለች። እኔ ግን ከስቻለሁ።

፫. ስለ ወንበሮቹ። በፈረሱት ቤቶች ቦታ ለጎብኚዎች የተተከሉት አግዳሚ ወንበሮች እጅግ ያማሩ ናቸው። ጎብኚ ስለሌለ እንዳይከፋቸው ተራ በተራ እቀመጥባቸዋለሁ። እዚያው ቦታ ላይ ነበር መረብ የሚጎተተው። በእኛ ዘንድ የመረቡን ገመድ በእጁ የነካ ሁሉ፣ መንገደኛም ቢሆን፣ ቄሱም ቢሆኑ፣ ከዓሣው ድርሻ አለው። አሁን ወንዶቹ ከፎቁ በአውቶቡስ እስኪመጡ ዓሣው ያልፋል፤ ሲመጡም እጅ ያንሳቸዋል። እኔ ሄጄ ገመዱን እይዛለሁ። ግን ክቡር ሆይ፣ አንዲት ሴት በገመዱ ጫፍ ላይ ምን ያህል ከባድ ናት? ልጆቹ «እትዬ፣ እየጎተቱ ነው ወይስ ተደግፈው ነው?» ይሉኛል። ሁለቱንም ነው።

፬. ስለ ሉርዳማ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ዓሣ ብታሰጣ የሸተታቸው ከሰሷት፤ ቃሪያ ብትተክል ጣሳው የሰው ራስ ላይ ሊወድቅ ነው አሏት። ከሁሉ የባሰው ግን እንቅልፍ ማጣቷ ነው። አመሻሽ ላይ ትደውልና፣ «አንቺ ትሬሲያ፣ ወሬሽን ተይና ስልኩን ወደ ባሕሩ አዙሪልኝ» ትለኛለች። አዞርላታለሁ። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋቷ ይሰማኛል። እሷ በእኔ ባሕር ተኝታ፣ እኔ ክንዴን ዘርግቼ እንደ ምሰሶ ቆሜ እቀራለሁ። ስልኩን ብዘጋው ትነቃ ይሆናል እያልኩ ቶሎ አልዘጋውም፤ እውነቱን ለመናገር ማንኮራፋቷም ቢሆን ድምፅ ነው።

፭. ስለ ልኬቱ። ባለፈው ሐምሌ ባሕሩ ከግንቡ ላይ ዘሎ፣ አጥሩን በልቶ፣ የልብስ ማጠቢያ ድንጋዬን ወስዶ፣ የኩሽናዬን በር ላሰው። ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ እልል አልኩ! አደጋ ላይ ወደቅኩ፣ እኔም ፎቅ ልገባ ነው ብዬ ለቢሮዎ ደወልኩ። ሱዲሽ በጥር መጣ። በጥር ባሕሩ፣ እርስዎም እንደሚያውቁት፣ የወሰደውን አሸዋ መልሶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ እንደ ሙሽራ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጣል። ልጁ ለካና፣ «እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ፤ ስልሳ ሜትር! እንዲያውም በጣም ደህና ነዎት» አለኝ።

«ልጄ፣ በሐምሌ ና» ብዬ ብለምነው፣

«በሐምሌማ መንገዱን ውሃ ይይዘዋል፤ በምን እመጣለሁ?» አለኝ።

«ታዲያ የምትለካው ውሃውን አይደል!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ሻይ አፈላሁለት፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨርሶ እንዳይሄድብኝም ሦስተኛውን ቀዳሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ግንብ አልጠየቅኩም፤ ባሕሩንም አልከሰስኩም፤ እሱ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ደጄን ይረግጣል። የምለምነው ያንን ቀይ መስመር አንድ አጥር ያህል እንዲያንቀሳቅሱልኝ ብቻ ነው። ወደ እኔ ገፍተው ከሉርዳማ ጋር አደጋ ላይ ይጣሉኝ፣ ወይም ወደ ባሕሩ ገፍተው እሷን ከእኔ ጋር ደህና ያድርጉልኝ። በየትኛውም በኩል ቢሆን ግድ የለኝም፤ ሁለታችንን በአንድ በኩል።

ይህን በትዕግሥት አንብበው ካልጨረሱት፣ እኔ ጊዜ አለኝና ይምጡ፣ አነብልዎታለሁ።

በመላው የቫላምቱራ ነዋሪዎች ስም፣ ይኸውም በእኔ፣
አክባሪዎ፣ በማኅተም የተረጋገጠች ደህና ሴት፣
ትሬሲያማ ክሪስፒን

ማስታወሻ፦ ሰፈሩን የወሰዱት የጭነት መኪናዎች በመጡበት ቀን ዋዜማ ሉርዳማ ዓሣ ጠብሳ የላከችልኝ ሳህን እኔ ዘንድ ነው። በእኛ አገር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ የእኔ ዓሣ ደግሞ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ እስኪደርስ ይሸታል። «ተይው፤ እሱ አንቺ ጋ እስካለ ድረስ ጎረቤቴ ነሽ» ብላኛለች። እናም በሐምሌ ሊለካ የሚመጣ ሰው ካለ፣ በዚያ ሳህን ካሳቫና ሰርዲን ሞልቼ አቀርብለታለሁ። በጥር የሚመጣ ከሆነ ግን ሳህኑም እንደ ልኬቱ ደረቅ ነው። ቢሆንም ይምጣና ይቀመጥ፤ ወንበር ሞልቷል።