ከፍቅረኞቹ ኋላ የቆመው ሰው

ልጄ ሮዛኔ፣ እመቤታችን ባለሽበት ትጠብቅሽ፤ እዚያ ጣሊያን የቬሮናን ብርድ ታርቅልሽ። ካልሲ ደርበሽ አድርጊ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወይኑ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ለቃሚ ነው የጠፋው።

አባትሽ በሕይወት ሳለ የፊልም ሰዎች እዚህ መጥተው የቀረጹት፣ የጣሊያን ስደተኞች የፍቅር ድራማ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። እሱንም ከሕዝቡ መሃል አቁመውት ነበር። የድሮ ዘመን ምርጥ ጫማ ቢሰጡት፣ "አያቴ እንዲህ ያለ ጫማ ቢኖረው ከጣሊያን መች ይመጣ ነበር!" ብሎ ሁሉን አሳቃቸው።

ትናንት የሱ ክፍል ደረሰ። ፍቅረኞቹ ወደብ ላይ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ጎረቤታችን ኢራሲ፣ "ውይ፣ ሲያሳዝኑ!" እያለች ታለቅሳለች። እኔ የማየው ከኋላቸው፣ በርሜሎቹ አጠገብ፣ ልጁን በመርከብ የሚሸኘውን ሽማግሌ ነው። አባትሽ መሐረብ ያውለበልባል። ወደቡን በወይን መጭመቂያው ግቢ ነው የሠሩት፤ ከፊቱ የነበረው ባዶ ግድግዳ ነው። ያን ቀን "በቃ፣ ጨርሰናል" ቢሉት እጁን አላወርድ አለ። ቤት ሲገባ፣ "ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሮዛኔን እየሸኘሁ ነበር" አለኝ።

ስትሄጂ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይመጣ ወይን እርሻው ውስጥ መቅረቱን እንደተቀየምሽ አውቃለሁ። ለቀብሩ ባለመምጣትሽም አልወቅስሽም፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

እሑድ ይደግሙታል፤ በስልክም ይታያል አሉ። እመቤታችን የልብሽን ታድርስልሽ፣ ከክፉ ትሰውርሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ፍቅረኞቹን ተያቸውና በርሜሎቹ አጠገብ እይ። ስታዪው አንቺም እጅሽን አንሺለት።

እናትሽ ኦቲሊያ