እንዲገኝ የተደበቀው ሣጥን

ወዳጄ፣

እዚህ ለዕረፍት በመጣንበት አገር ሰዎች ትንሽ ሣጥን ገጠር ወስደው ይደብቁና ቦታውን በስልክ ካርታ ላይ ያመለክታሉ። የፈለገ ሄዶ ያገኘዋል፤ ስሙን ጽፎ መልሶ ይደብቀዋል። እኔ ትርፉ አልታየኝም፤ ባለቤቴ ግን ሁላችንንም ይዛን ወጣች። ትልቋ ልጄ፣ ንግድ ካልተማርሽ ስላልኳት ካኮረፈችኝ ሰንብታለች።

እኛ ነጋዴዎች መጋዘን ውስጥ ዕቃ የምንሸሽገው ሰው እንዳያየው አይደል? እኔም በዚያው ልማድ ድንጋይ ስፈነቅል፣ እሾህ ውስጥ ስገባ ዋልኩ። ልጄ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ወንዙ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት አግዳሚ ወንበር ሥር አወጣችው።

«አባዬ፣ አንተ የደበቅከውንማ ማን ያገኘዋል! ይሄ እኮ እንዲገኝ ነው የተደበቀው» ብላ ሳቀችብኝ።

ኩርፊያዋም እንዲሁ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩና «እሺ፣ አንቺ ምን መማር ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«የእንስሳት ሕክምና።»

እስከ ማረፊያችን ድረስ መኪና ውስጥ ስንከራከር መጣን። ገና አልተስማማንም። ባለቤቴማ «ጆሮዬን በላችሁት፣ ኩርፊያው ይሻለኝ ነበር!» አለች።

ፖስታ ካርዱ ሞላ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጆቹንም ሳምልኝ፤ ያኮረፈ ካለ ከእሱ ጀምር።